አዴ ዲንቄ በጠርሙስ ላይ

ከጎሬ ወደ መቱ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ለቅሶ ደርሼ መመለሴ ነው። ጉልበቴ እያመመኝ፣ ሆዴም ባዶ ሆኖ፣ ቶሎ ቤቴ ገብቼ ጋደም ማለት ብቻ ነበር የምፈልገው። መኪናው ሳይሞላ አንድ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ካርቶን ታቅፎ ገባና «መራራ! የእናታችን መራራ! ለጨጓራ፣ ለወገብ፣ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለደም ማነስ! ልጅ ላጣ፣ እንቅልፍ ላጣ!» እያለ ለየተሳፋሪው አንዳንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማስታቀፍ ጀመረ። አንዱን በእኔም ጭን ላይ ጣለው። ከክዳኑ ሥር ሽታው ሾልኮ መጣ፤ የግራዋ፣ የጤና አዳምና አንድ የማላውቀው ነገር ሽታ። መነጽሬን አውጥቼ የተለጠፈበትን ወረቀት ሳይ አዴ ዲንቄ አፍጥጠው ያዩኛል።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ብርሃኑ በግራ ጉንጫቸው ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ የሻሻቸው እጥፋት እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ፣ ጭናቸው ላይ የያዙት ሥር ከነአፈሩ እንዴት እንደሚታይ አየሁና «አይ እጅ!» አልኩ ለራሴ። የሰው ልጅ ከንቱ ነው። ደሜ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። አዴ ዲንቄ ካረፉ ስንት ዓመታቸው! በሕይወት ዘመናቸው አንዲት ማንኪያ ዱቄት ሸጠው የማያውቁ ሴት፣ ምን እንደተበጠበጠበት በማይታወቅ ያገለገለ የውሃ ፕላስቲክ ላይ ተለጥፈው ልጅ ላጣ ልጅ፣ እንቅልፍ ላጣ እንቅልፍ ሲያድሉ ዋሉ! ሰውዬውን ጠራሁና «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» አልኩት። «እናታችን ናቸዋ» አለኝ። «ስማቸውን ነው የጠየቅኩህ» ስለው «አባባ፣ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ፤ ካልሆነ ሥራ አያስፈቱኝ» ብሎ ጠርሙሱን ከጭኔ ላይ አንስቶ አለፈ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ነገሩን ሰምታ ኖሮ «እንኳን አልገዙ!» አለችኝ። «የሸማኔው ሚስት ይህን ጠጥታ ስምንት ቀን አልጋ ላይ ዋለች፤ እግዜር ነው ያተረፋት። የምታዘጋጀው እኮ የሴትዮዋ ልጅ ናት አሉ፤ ያቺ ከሁሩሙ እየመጣች ሥር የምትሸጠው። አሁን ሰው ሲሰድባት ጊዜ ገበያም ቀረች።» ክው አልኩ። ልጃቸውን ታደለችን አውቃታለሁ። እናቷ ከተቀመጡበት ቦታ ተቀምጣ፣ እንደ እናቷ ሥሩን ከነአፈሩ እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። መሬት የላትም፣ ባልም የላትም። የእናቷ ስም ነበር ያላት፤ እሱንም ቀሟት ማለት ነው። መኪናው ተነስቶ ወደ መቱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር እኔ ግን ወደዚያ ዘመን ሄጄ ነበር።

«አዴ» በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። መቱ ውስጥ ብዙ አዴዎች ነበሩ፤ የመራራ ነገር ከተነሳ ግን አዴ ዲንቄ አንድ ነበሩ። በገበያ ቀን ከሁሩሙ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በእግራቸው ይመጡና ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው ይቀመጣሉ። በስተግራ ግራዋ፣ እኛ አገር ኢቢቻ የምንለው፤ በስተቀኝ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ፤ መሀል ላይ ደግሞ ያ ሥር። ስሙን ብጠይቃቸው «መራራ ነው፤ ስሙ ምን ያደርግልሃል?» ነው ያሉኝ። ጣት የሚያህል፣ ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ ቢጫ ሥር ነው። ሁሉም ነገር ከነቅጠሉና ከነአፈሩ ነው የሚቀርበው። አጥቦ የሚያመጣ ሻጭ ሲያዩ ይበሳጩ ነበር፤ «አፈሩን ካጠብከው ከየት እንደነቀልከው በምን አውቃለሁ? ዱቄት ካደረግከውማ እሱም ራሱን አያውቅም!» ይላሉ። ገዢ ሲመጣ ሥሩን እፊቱ ይቆርጡና መጀመሪያ ራሳቸው ያኝካሉ። ቀጥለው ትንሽ ለሱ ይሰጡትና ፊቱን ትኩር ብለው ያዩታል። ፊቱ ከተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ ካቀረረ «ሀዻ?» ይሉታል፤ መረረህ ወይ? ማለታቸው ነው። የመረረው ይገዛል። ያልመረረው ግን ገንዘብ ቢቆልል አይገዛም፤ የያዘውንም ይቀሙታል። «ይህ ካልመረረህ ሕመምህ የኔ አይደለም። ሆስፒታል ሂድ! ዛሬውኑ ሂድ!» ነፍሰ ጡር ከሆነችማ ጭራሽ ወደ ጆንያው አያስጠጓትም፤ ገበያተኛው እስኪሰበሰብ ይጮሁባት ነበር። ስንቱን ቡና ለቃሚ፣ ከያዮ ጫካ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ያንን ሥር እንደ ሸንኮራ ዝም ብሎ ሲያኝክላቸው፣ ክንዱን ይዘው እየጎተቱ እስከ ሆስፒታሉ በር ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ሸቀጣቸውን ጥለው! ዛሬ ሸቀጡን ጥሎ ለበሽተኛ የሚሮጥ ነጋዴ ካለ አሳዩኝና እጁን ልሳመው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። እናቴ የሞተችበት ዓመት ነው። ምግብ እንቢ ብሎኝ፣ ሱሪዬ በቀበቶ ብቻ የሚቆም ሆኖ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ምንም የለብህም አለኝ። ጓደኞቼ ናቸው ገፋፍተው ወደ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ የወሰዱኝ። አዴ ዲንቄ ቆርጠው፣ አኝከው፣ ሰጡኝ። አኘክሁት። ጌታዬ! መራራነቱ ምላስ ላይ አይቆምም፤ ጆሮ ውስጥ ይገባል። እንባዬ በጉንጬ ወረደ፤ ያኔ ነው እናቴን በደንብ ያለቀስኳት ብል ውሸት አይሆንብኝም። አዴ ዲንቄ ዝም ብለው አስለቀሱኝ። ስጨርስ ሦስት ቁራጭ ቆጥረው ሰጡኝና «በየማታው አንዱን ውሃ ውስጥ ጣል፤ ጠዋት ውሃውን ጠጣ። ሦስት ቀን። አራተኛ ቀን ብትጠጣ እኔን አላየኸኝም፣ እኔም አላየሁህም» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ከጉራጌው ምግብ ቤት ገብቼ ሁለት ቅቅል በላሁ። ሥሩ ይሁን፣ ልቅሶው ይሁን፣ ቁጣቸውን ፈርቼ ይሁን ዛሬም አላውቅም።

ያን ጊዜ ፎቶ ቤቴ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነበር። አባቴ ከሶዶ መጥቶ ጨውና ላምባ ይሸጥባት የነበረችውን አንድ ክፍል ሱቅ ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሿን ጥቁር ጨርቅ ጋርጄ ጨለማ ክፍል አድርጌያት ነበር። ግድግዳው ላይ ራሴ የሳልኩት ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ላይ ሁለት ዳክዬ፤ አንዷ ዳክዬ አንገቷ በዝቶባታል። አዲሱ ክልል መጥቶ፣ የመሥሪያ ቤት ማህተም ሁሉ ተቀይሮ፣ ሰው በሙሉ አዲስ መታወቂያ የሚያወጣበት ወቅት ነው። አራት ጉርድ ፎቶ በስምንት ብር። ከጎሬም፣ ከሁሩሙም፣ ከያዮም ሰው እየመጣ ይሰለፍልኛል። ሴቶቹ የሚያብረቀርቅ ሻሽ፣ ወንዶቹ ትከሻው የተነፋ ኮት ለብሰው፣ ከወገብ በታች ፎቶ አይታይም ብለው በኮንጎ ጫማ ይመጡ ነበር። ኮት ለሌለው የማውሰው አንድ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ የመቱና የአካባቢዋ ወንድ ግማሹ መታወቂያው ላይ ያለው በዚያ ኮት ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ካሴት ቤት ጠዋት የኦሮምኛ፣ ከሰዓት የአማርኛ ዘፈን በሁለት ትልልቅ ስፒከር ይለቀዋል። እኔ በዜማው ልክ ፊልም እያጠብኩ እውላለሁ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ዘፈኑን ይውጠዋል፤ የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አዴ ዲንቄም ለመታወቂያ መጡ። ሻሽዎን ያውልቁ፣ ጆሮ መታየት አለበት ብላቸው «ጆሮ የሌለኝ ይመስልሃል?» አሉኝና በመከራ ትንሽ ገለጥ አደረጉት። ጉርዱን አንስቼ ጨረስኩ። ሊነሱ ሲሉ ያንን የሥር እስር ከመሬት አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ አንዱ ሥር ተሰብሮ ኖሮ ቁጣቸው መጣ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ዓይናቸው በራ። እኔም ሳላስፈቅድ ካሜራዬን ጠቅ አደረግኩ። ለራሴ ብዬ ያነሳሁት ነው። አሳድጌ አጥቤ መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት። ከመስኮቴ ላይ ሙሽራ ወርዷል፣ ተመራቂ ወርዷል፤ እሳቸው ግን ፎቶ ቤቱ እስኪዘጋ አልወረዱም። ጥሩ ፎቶ ነበር። ጥሩ ፎቶ ስለሆነ ነው ዛሬ የማያውቁትን መድኃኒት የሚሸጡት።

ፎቶ ቤቱን የዘጋው ስልክ ነው። መጀመሪያ ካሴት ቤቱ ተዘጋ፣ ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኖ ማንም ፎቶ የሌለው ዘመን መጣ። አዴ ዲንቄ ያን ጊዜ አርፈዋል፤ ወፍጮ ቤቱም በኤሌክትሪክ ሆኖ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቷል። እቃዬን በሙሉ የገዛኝ ደረሰ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ባነርና የሠርግ ካርድ የሚያትምበት ቤት ከፈተበት። ካሜራውን፣ መብራቱን፣ ማሳደጊያውን ተረከበ። ጥግ ላይ ስድስት ካርቶን ኔጌቲቭና ፎቶ ነበር። «ይሄስ ጋሼ?» ሲለኝ «ቆሻሻውንም አብረህ ጥረገው» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። የአንድ አገር ሰው ፊት ነበር ካርቶኑ ውስጥ ያለው። የጎሬ ቄስ፣ የያዮ ማር ነጋዴ፣ የሁሩሙ አስተማሪ፣ ግራጫ ኮቴን የለበሰ ሁሉ። ከዚያን ቀን በኋላ አንዴም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ፎቶው ያለው ደረሰ ጋ ብቻ ነውና ጠርሙሱ ከማን ቤት እንደወጣ ገባኝ። በአዴ ዲንቄ ፊት ሲነገድ ሳይ ነው የተቆጣሁት፤ እኔ ቆሻሻ ስላቸው ግን አልተቆጣሁም።

በማግስቱ ሁሩሙ ሄድኩ። ታደለች ከጓሮዋ ግራዋ ስትቆርጥ አገኘኋት። «አከም ጅርቱ ጋሼ» አለችኝ፤ ሰላምታዋ እንደ ድሮው ቢሆንም ፊቷ ከስቷል። ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ። የመጣሁበትን ነገርኳት።

«የሸማኔው ባለቤት ስትታመም ሁለት ሰዎች እዚህ ድረስ መጡ» አለች። «እኔ በጠርሙስ ሸጬ አላውቅም አልኳቸው። ታዲያ የእናትሽን ፎቶ ለሻጩ ማን ሰጠው? ካልሰጠሽው ከየት አመጣው? አሉኝ። ምን ልበላቸው? እኔም እኮ አላውቅም፤ ከየት አመጣው?»

«ከኔ ነው» አልኳት።

የጨበጠችውን ቅጠል ወደ ቅርጫቱ ጣለች። «እርስዎ ሰጡት?»

«አልሰጠሁትም። እቃዬን ለደረሰ፣ ለባነር አታሚው ስሸጥለት አብሮ ሄደ። አሁን ግን አልለቀውም! መቱ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። ወረቀቱን በሙሉ አስቃጥለዋለሁ። ስምሽን በገበያ አስመልሳለሁ!» ተነስቼ ቆሜ ነበር የምናገረው፤ በትሬ ሁሉ ይወዛወዝ ነበር።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለችኝ። «እኔ ገበያዬን ብቻ ነው የምፈልገው። ልጆቼ በዚያ ነው የሚበሉት። እመጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ቀበሌው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ኦቦ ነጋሳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ነገር ሳይሰሙ የማይፈርዱ ሰው። የሸማኔው ሚስትም ባሏን ይዛ መጥታለች። ወሬው ተሰምቶ ከገበያው ሰው ጎርፎ አጥሩን ሞልቶታል። ደረሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁለት ካርቶን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ልጁ ክፉ አይመስልም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። ኦቦ ነጋሳ «ውስጡ ምንድን ነው?» አሉት።

«ግራዋ አለው፣ ጤና አዳም አለው፣ ማር አለው...»

«ሥሩስ? መራራው?»

«እሱ በዱቄት ነው የሚመጣው። በጆንያ።»

«የምን ሥር ዱቄት?»

ደረሰ ወደ ሰዉ ዞር ዞር አለ። «የመራራ ነው ያሉኝ።»

«ዹጋ ዱበዹ!» አሉ ኦቦ ነጋሳ፤ እውነቱን ተናገር ማለታቸው ነው። «ሥሩን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አለ ደረሰ አንገቱን ደፍቶ። «ሰው ሲገዛ አይቼ ነው። ሰው ይወደዋል ብዬ ነው። እኔም ቤተሰብ አለኝ።»

እኔ አላስችል ብሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። «ያላወቅከውን ለሰው ታጠጣለህ? የሞቱ ሴት ፊት ለጥፈህ! ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ! በማን ፈቃድ ነው?»

ደረሰ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ቆሻሻ ነው ጥረገው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለ። በክፋት አላለውም። እንደተገረመ ሰው ነው ያለው። ከአጥሩ ሥር አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። በትሬን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ፍርዱ እኔ እንደተመኘሁት ሆነ። ደረሰ ይህን መጠጥ ሁለተኛ እንዳይሸጥ፤ ለሸማኔው ሚስት የታከመችበትን እንዲከፍል፤ የታደለች እጅ እንደሌለበት በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በአፉ እንዲናገር፤ የቀረው ወረቀት እዚያው እንዲቃጠል። የሸማኔው ሚስት ራሷ ተነስታ ታደለችን አቅፋ ሳመቻት። ሰዉ አጨበጨበ። ደረሰ ካርቶኖቹን ከጋሪው አውርዶ ቀደዳቸው፤ ወረቀቱ በጥቅልል ነው፤ አዴ ዲንቄ በአዴ ዲንቄ ላይ ተደርድረው፣ በመቶ የሚቆጠር የተቋጠረ ግንባር። አንዱ ክብሪት አወጣ። እኔ ክብሪቱን ተቀብዬ ራሴ ልለኩስ እጄን ዘረጋሁ፤ ቁጣዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«ቆይ» አለች ታደለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ካርቶኑ ተጠጋችና «አንዷን ስጡኝ» አለች።

ኦቦ ነጋሳ «ምን ያደርግልሻል ልጄ? ይህን ሁሉ ያመጣብሽ እሱ አይደል?» አሏት።

«ቤታችን የእናቴ ፎቶ የለም፤ መታወቂያዋም ጠፍቷል» አለች። «ትንሿ ልጄ አያቷን አታውቃትም። በጠርሙሱ ላይ ነው መጀመሪያ ያየቻት።»

አርባ ዓመት ሰው ያነሳሁ እኔ፣ እኚያን ሴት ስንት ዓመት መስኮቴ ላይ ሰቅዬ ደንበኛ የሳብኩባቸው እኔ፣ ክብሪቱ በእጄ እንዳለ ቆምኩ። አንድ ፎቶ ለማድረስ ከሱቄ እስከ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ መቶ እርምጃ አይሆንም ነበር። ደረሰ ተንበረከከና ጥቅልሉን ፈታ፤ የቆሸሸውን እየዘለለ፣ ቀለሙ የፈሰሰውን እየዘለለ ረጅም ጊዜ ፈለገ። ንጹሕ የሆነችውን አንዷን አገኘ፤ ጠርዟን በጥንቃቄ ቆርጦ ቆመና በሁለት እጁ ሰጣት። ታደለች ተቀበለችው። አየችው። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና «ገለቶሚ» አለችው፤ አመሰገነችው።

እኔን ግን «ጋሼ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ» ብላኝ ሄደች።